የጎጃም ደጋ ነባር ጠመንጃዎች፦ አመጣጣቸው፣ መለያቸውና የአመዘጋገብ ጥያቄያቸው

በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ወረዳዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርዱ የቆዩ ነባር ጠመንጃዎች ዛሬም በየቤቱ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከዓድዋ ጦርነት በፊት ወደ አገር የገቡ፣ ሌሎቹ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጠላት የተማረኩ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ከነጻነት በኋላ በልዩ ልዩ መንገድ በሕዝቡ እጅ የገቡ ናቸው።

እንዲህ ያለ ጠመንጃ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ እንደ ተመልካቹ የሥራ ድርሻ ሦስት መልክ ይይዛል። ለጸጥታ ባለሙያው ፈቃድ የሚያስፈልገው የጦር መሣሪያ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው የአደን መሣሪያ ነው። ለባህል ባለሙያው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ቅርስ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም እይታዎች ሕጋዊ መሠረት አላቸው። ይሁንና የመሣሪያው ማንነት ሳይታወቅ የሚሰጥ ውሳኔ በሁለት በኩል ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል የአገር ታሪክ ምስክር የሆነ ዕቃ ተቆራርጦ ወይም ተሸጦ ይጠፋል። በሌላ በኩል ሰው ሊገድል የሚችል መሣሪያ እንደ ጌጥ ተቆጥሮ ያለ ጥንቃቄ ይቀመጣል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ጠመንጃዎች አመጣጥ፣ ዋና ዋና ዓይነቶቻቸውንና መለያዎቻቸውን እንዲሁም በምዝገባ ወቅት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይዳስሳል።

ታሪካዊ አመጣጥ

የጦር መሣሪያ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የታየው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጥ ይዘው በምጽዋ በኩል መግባታቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በአገሪቱ የነበረው መሣሪያ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ስናድር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ጦሩ ሲመለስ ለትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለተባሉት፣ 850 ነፍጦችንና 12 መድፎችን ሰጥቶ ሄደ። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብጽን ጦር ድል ሲያደርጉ ግብጻውያን የታጠቁት አሜሪካ ሠራሽ ሬሚንግተን ጠመንጃ በብዛት ተማረከ።

በጎጃም ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በቀጣዩ ዓመት፣ በግንቦት 1874 ዓ.ም.፣ የጎጃምና የሸዋ ጦር እምባቦ ላይ ተዋግተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። በዘመኑ የተሸነፈ ወገን መሣሪያ ወደ አሸናፊው እጅ ይገባ ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ጠመንጃ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለትና ሦስት ባለቤት፣ ሁለትና ሦስት ግዛት ሊያይ ይችል ነበር። ዛሬ በጎጃም የተገኘ መሣሪያ መጀመሪያ የገባው በጎጃም በኩል ነው ብሎ መደምደም የማይቻለው ለዚህ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን መሣሪያ በታጁራ፣ በኦቦክና በሌሎች የባሕር ዳርቻ በሮች በኩል አስገብተዋል። በኋላ በቅኔው ስመ ጥር የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል ጠመንጃ በቅፍለት ጭኖ ወደ ሸዋ መግባቱ የዚህ ንግድ አንዱ ምሳሌ ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በየጊዜው አዲስ ሞዴል ሲይዙ አሮጌውን በርካሽ ስለሚሸጡ ቀይ ባሕርን የሚሻገረው መሣሪያ እየጨመረ ሄደ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተካሄደው የዓድዋ ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር መርተው ተሰልፈዋል። በዕለቱ ከጣሊያን ጦር ወደ 11 ሺህ ጠመንጃና 56 መድፍ እንደተማረከ የታሪክ ጸሐፍት ይገልጻሉ። ጣሊያን አዲሱን የ1891 ሞዴል ቢኖራትም በዓድዋ የተሰለፈው ጦሯ የታጠቀው በአመዛኙ ቬተርሊ የተባለውን የቀድሞ ሞዴል ነበር።

የቀጣዩ ዘመን አቅርቦት በስምምነት የተወሰነ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈራረመችው ውል የመሣሪያ ግዢ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝና ፈቃድ እንዲከናወን ተደረገ። በዚሁ ዘመን የዘመናዊው ሠራዊት ዋና መሣሪያ የሆነው ቤልጅየም ውስጥ ኤርስታል ከተማ የተሠራው ማውዘር ነው። ሕዝቡም ከአገሩ ስም ተነሥቶ ቤልጅግ ብሎታል።

የአርበኝነት ዘመን በጎጃም

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ጎጃም ከዋና ዋና የአርበኝነት ማዕከላት አንዱ ነበር። ልጅ ኃይሉ በለው፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ በየአካባቢያቸው ጦር መርተዋል። ከውጭ የሚደርስ እርዳታ ባልነበረባቸው ዓመታት የአርበኛው ትጥቅ በአብዛኛው ከአባት የቀረ አሮጌ ጠመንጃና ከጠላት የተማረከ መሣሪያ ነበር። ጥይት ውድ ስለነበር የተተኮሰ ቀለህ ተሰብስቦ እንደገና ይሞላ ነበር።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ጎጃም ሲገባ ለአርበኞች የተላከው መሣሪያም በከፊል አሮጌ ባለ አንድ ጥይት ማርቲኒ ጠመንጃ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገብተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚህ ዘመቻ የጣሊያን፣ የእንግሊዝና የቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት መሣሪያ በአንድ አካባቢ ተቀላቅሎ ቀርቷል። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም የሚታየው የዓይነት ብዛት ከዚህ የመጣ ነው።

ከግንቦት 1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመከላከያ ስምምነት በኋላ ሠራዊቱ አሜሪካ ሠራሽ መሣሪያ ታጠቀ። ነባሮቹ ጠመንጃዎችም ቀስ በቀስ ወደ መጋዘን፣ ወደ ነጭ ለባሽና ወደ ገበሬው ቤት ወረዱ።

ዋና ዋና ዓይነቶችና መለያዎቻቸው

በፉከራና በቀረርቶ ምንሽር፣ አልቢን፣ ጓንዴና ውጅግራ የሚሉ ስሞች በብዛት ይነሳሉ። ሆኖም አንድ ስም በተለያየ ቦታ ለተለያየ መሣሪያ ስለሚሰጥ የአካባቢ ስም ብቻውን ለምዝገባ አይበቃም። ለመለየት የሚረዱት የአተኳኮስ ስልቱ፣ የአፈሙዙ ስፋትና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ናቸው።

ስናድር፦ ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ የቀድሞ ነፍጦቿን ለውጣ የሠራችው ነው። የኋላ መክደኛው ወደ ጎን ይከፈታል። የአፈሙዙ ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ሬሚንግተን፦ የኋላ መዝጊያው ከመምቻው ቀጥሎ ወደ ኋላ የሚንከባለል ወፍራም ብረት ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የግብጹ ዓይነት ስፋት ከ11 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

ውጅግራ፦ ስሙ ፊውዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሆኖ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.30 ሜትር ገደማ ነው። በመቀርቀሪያ ይሠራል፤ ካዝና ስለሌለው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይይዛል። በብረቱ ላይ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴለሮ ወይም ቱል የሚል የፋብሪካ ስም በላቲን ፊደል ይነበባል። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል የተባለውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ስትይዝ በብዛት ወደ ንግድ ወጣ።

ማርቲኒ፦ ከ1871 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ነበር። ከቃታው ጀርባ ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲሳብ ይከፈታል። ከውጭ የሚታይ መምቻ የለውም።

ቬተርሊ፦ የጣሊያን የ1870 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲሆን ስፋቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ ባለ አንድ ጥይት የነበረው ከ1887 እ.ኤ.አ. በኋላ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፊሉ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ተለውጧል። ይህ የተለወጠው ዓይነት ብረቱ ለአዲሱ ጥይት ግፊት ያልታሰበ በመሆኑ ለተኳሹ አደገኛ ነው።

ካርካኖ፦ የጣሊያን የ1891 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል። ተርኒ ወይም ብሬሻ የሚል የፋብሪካ ስምና የተሠራበት ዓመት ይታይበታል።

ቤልጅግ፦ 7.92 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ ማውዘር ነው። ለኢትዮጵያ መንግሥት የተሠሩት የይሁዳ አንበሳ ምልክት አለባቸው። ምልክቱ መሣሪያው በመንግሥት ትእዛዝ የተገዛ መሆኑን ስለሚያሳይ ለታሪክ አጥኚ ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ሊ ኢንፊልድ፦ 7.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አሥር ጥይት የሚይዝ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። በ1933 ዓ.ም. ዘመቻና ከዚያ በኋላ በብዛት ገብቷል።

በጥቅሉ ሲታይ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ያለው ጠመንጃ በአብዛኛው የጥቁር ባሩድ ዘመን ሥራ ነው። ከ6.5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ሥራ ላይ ካዋለች በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። ልዩነቱ ከታሪክ ባሻገር የደህንነት ትርጉም አለው። የፊተኛው ዓይነት በጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይት ሲተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። የኋለኛው ግን ጥይት ከተገኘለት ዛሬም ሙሉ የጦር መሣሪያ ነው።

የአደን ልማድና የዛሬው ሕግ

በቀድሞው ዘመን በዓባይ በረሃና በምዕራቡ ቆላ ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ መግደል የጀግንነት መለኪያ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው በፉከራና በሽለላ ይከበር ነበር። ጠመንጃ ሲበዛ ይህ ክብር ለዱር እንስሳቱ መመናመን አንዱ ምክንያት ሆነ። ለጦር ሜዳ የተሠራ ጥይት ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ በመሆኑ እንስሳውን በቶሎ ሳይጥል አልፎ ይሄዳል። የቆሰለው እንስሳም ሸሽቶ በየጢሻው ይሞታል። ስለዚህ ነባር የጦር ጠመንጃ ለአደን ተስማሚ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

በአሁኑ ወቅት አደን የሚፈቀደው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 መሠረት ፈቃድ ላወጣ ሰው ነው። ስፖርታዊ አደን በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች የሚካሄድ ሲሆን ይበልጥ የሚታወቀው በባሌና በአርሲ ተራሮች ባለው የደጋ አጋዘን አደን ነው። ስለሆነም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚኖር ሰው የወረሰውን ጠመንጃ የአደን መሣሪያ ብሎ ቢያስመዘግብ ምዝገባው ብቻውን የማደን መብት አይሰጠውም።

የ1960 ዓ.ም. ትምህርት

በጎጃም የመሣሪያ ምዝገባ ሲነሣ አንድ ታሪካዊ ክስተት ሳይጠቀስ አይታለፍም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሊውል ሲል በሞጣ፣ በደጋ ዳሞትና በሌሎች አውራጃዎችና ወረዳዎች የገበሬዎች አመጽ ተነሣ። መነሻው ግብሩና የመሬት ልኬታ ፍራቻ ቢሆንም ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ያካሄዱት የመሣሪያ ምዝገባ ትጥቅ ለማስፈታት ነው የሚለው ጥርጣሬም ቅሬታውን አባብሶ ነበር። መንግሥት በአውሮፕላን ድብደባ ጭምር አመጹን ለማፈን ከሞከረ በኋላ ገዥውን አነሣ፤ የቆየ የግብር ውዝፍንም ሰረዘ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መዝጋቢው ምን እንደሚመዘግብና ለምን እንደሚመዘግብ ካላስረዳ ባለቤቱ መዝገቡን የመውረሻ ወይም የግብር መጀመሪያ አድርጎ ያየዋል። መሣሪያው ይደበቃል፤ ታሪኩም አብሮ ይደበቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው የትጥቅ ግጭት ይህን ሥራ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ አድርጎታል።

የሕግ ማዕቀፍ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማስገባትን፣ ማስወጣትንና መጠገንን በፈቃድ ሥር ያደርጋል። የመቆጣጠር ኃላፊነቱም የፌዴራል ፖሊስ ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎች ሁኔታ ከግምት ያስገባ ቢሆንም መሣሪያው ከአባት የተወረሰ መሆኑ ፈቃድ የማውጣትን ግዴታ አያስቀርም።

በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ የሚገኝ ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ባለቤቱም በአግባቡ እንዲጠብቀው ይደነግጋል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል። በዓድዋ እንደተማረከ ወይም በታወቀ አርበኛ እጅ እንደነበረ በማስረጃ የሚረጋገጥ ጠመንጃ በዚህ ዓይን መታየት ይኖርበታል። የሁለቱ አዋጆች አስፈጻሚዎች የተለያዩ በመሆናቸው በወረዳ ደረጃ የጸጥታና የባህል ጽሕፈት ቤቶች መረጃ ካልተለዋወጡ ቅርሱ በመካከል ይወድቃል።

የውጭው ገበያና የሚጠፋው ታሪክ

ነባር ጠመንጃ በውጭው ዓለም የሰብሳቢዎች ገበያ አለው። በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ዕድሜው 50 ዓመት ያለፈው ደግሞ ለሰብሳቢዎች የተለየ ምድብ አለው። ፈረንሳይም በአመዛኙ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ ሞዴሎችን ለይታ ታያለች። በዚህ ምክንያት የተሠራበት ዓመት የአንድን ጠመንጃ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊለውጥ ይችላል።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ውጅግራ፣ ማርቲኒና ማውዘር ጠመንጃዎች በብዛት ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች በሽያጭ ቀርበዋል። ገዢዎቹ የሚፈልጉት ብረቱን ብቻ አይደለም። በሰደፉ ላይ የተጠቀለለውን ጠፍር፣ በአገር አንጥረኛ የተሠራውን ጥገና፣ የተቀረጸውን መስቀልና ፊደልም ይፈልጋሉ። እነዚህ ምልክቶች መሣሪያው በኢትዮጵያ የኖረበት ዘመን ማስረጃ ናቸው። ማን ይዞት እንደነበረ፣ የት እንደተዋጋ የሚናገረው መዝገብ ግን አብሮ ስላልሄደ ሰብሳቢው ዘንድ የሚደርሰው ባለታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ነው። የአገሪቱ ድርሻ የሆነው መረጃ በአገር ውስጥም በውጭም ሳይኖር ይቀራል።

በምዝገባ ወቅት ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

በመጀመሪያ መሣሪያው ባዶ መሆኑ በሠለጠነ የፖሊስ ባለሙያ ይረጋገጥ። አሮጌ ጠመንጃ ለዓመታት ጎርሶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ለሙከራም ቢሆን መተኮስ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የአካባቢ ስሙ፣ የአፈሙዙ ስፋት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ፣ የሚይዘው ጥይት ብዛት፣ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ ይመዝገቡ። በላቲን ፊደል ያለው ጽሑፍ እንዳለ ይገልበጥ፤ በሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ የባለቤቱ ቃል በመዝገቡ ይካተት። ከማን እንደወረሰው፣ ማን እንደተዋጋበት፣ በየትኛው ሠርግ ወይም ቀብር እንደተተኮሰ የሚናገር ሽማግሌ ሲያልፍ መተኪያ የለውም። ቃሉ የሰው ምስክርነት መሆኑ ተገልጾ ከብረቱ ከተነበበው ማስረጃ በተለየ ዓምድ ይስፈር።

አራተኛ፣ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ሰደፉን ቀለም መቀባት፣ ቁጥሩን መሞረድ ይከልከል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በስሱ ዘይት መቀባት ይበቃል። ጥገና የሚያስፈልግ ከሆነ የቅርስ ባለሙያ ይማከር።

አምስተኛ፣ የታሪክ ዋጋ ያለው ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ ለባህል ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይተላለፍ። በወንጀል ምክንያት የተያዘ መሣሪያም ቢሆን በውሳኔ ከመወገዱ በፊት በዚህ መንገድ ቢታይ ሕጉም ታሪኩም አይጎዱም።

የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ነባር ጠመንጃዎች ከእምባቦ እስከ ዓድዋ፣ ከዓድዋ እስከ አርበኝነት ዘመን ያለውን የአገር ጉዞ በብረትና በእንጨት ይዘዋል። የቁጥጥር ሥራና የቅርስ ጥበቃ ሥራ የሚገናኙት መዝጋቢው በሚሞላው አንድ ገጽ ላይ ነው። ገጹ በጥንቃቄ ከተሞላ ባለቤቱ መብቱንና ግዴታውን ያውቃል፤ የጸጥታ አካል አደጋውን ይለያል፤ ተከታዩ ትውልድም የማን ጠመንጃ እንደነበረ ያነብባል።